ሰባት ቀን በሮድሪገስ የእሾህ ዱር

ሮድሪገስ የምትባል ደሴት መኖሯን የማያውቅ ሰው አይፈር። እኔም ልጄ ሥራ አገኘሁ ብላ እስክትሄድባት ድረስ አላውቃትም ነበር። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከሞሪሸስ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ርቃ የተቀመጠች ጉብታ ናት። ልጄ ማህሌት እዚያ ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ለንደን ተወልዳ፣ ሃክኒ ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት አጥንታ፣ በመጨረሻ የተቀጠረችው ዛፍ ለመቁረጥ ነው። «ለመትከል ነው እማ» ትለኛለች። ለመትከል ግን መጀመሪያ መቁረጥ አለባት። እንጨት መቁረጥማ እናቴም ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ታውቅበት ነበር።

እኔ የምሠራው ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ ከሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በጥቅምት ወር ልጆቹ አንድ ሳምንት ዕረፍት ሲወጡ እኔም ወጣሁ፤ ልጄን ልይ ብዬ። ለማየትም ብቻ አይደለም። ይዣት ልመለስ አስቤ ነበር።

ቅዳሜ

ከሰቨን ሲስተርስ በምድር ውስጥ ባቡር ቪክቶሪያ፣ ከዚያ በሌላ ባቡር አየር ማረፊያ። ሻንጣዬ ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ተንከባለለ። ለንደን ውስጥ ሊፍት የሚሠራው ሻንጣ ባልያዝሽበት ቀን ነው። ውስጡ የነበረው የልጄ ስንቅ ነው፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድፍን ምስር፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። ቼክ ኢን ሳደርግ ኪሎው በዛ ተባልኩና የራሴን ልብስ አውጥቼ እላዬ ላይ ደረብኩት። ሁለት ሹራብና አንድ ካፖርት ለብሶ ወደ ሞቃት አገር የተሳፈረ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ባልና ሚስት ጡረተኞች ናቸው። ሴትየዋ የሆቴሏን ብሮሹር ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። «ሰው ያልደረሰበት ተፈጥሮ» ይላል።

«ክፍላችን ጫካው መሀል ነው» አለችኝ። «አንድም ሰው አይታይም።»

«አልጋውን ታዲያ ማን ያነጥፈዋል?» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ለንደን የገባሁ ሰሞን አራት ዓመት ሙሉ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ነኝ። የማይታየው ሰው ማን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ።

እሑድ

ጠዋት ሞሪሸስ አረፍን፤ ጡረተኞቹ እዚያው ወረዱልኝ። ከዚያ ፕሮፔለር ባለው አውሮፕላን ወደ ሮድሪገስ። ውሃው እንደሚባለው ሰማያዊ ነው፤ እሱን አልክድም። ስለ መሬቱ ግን ማንም አልነገረኝም። ከላይ ሲታይ ቡናማ ኮረብታ ነው፣ ዳር ዳሩን አመድማ ጥሻ የከበበው። ዘንባባ ስጠብቅ ወደ ድሬዳዋ የምወርድ መሰለኝ።

ጉምሩክ ላይ አንዲት ወጣት ሻንጣዬን ከፈተች። ሽሮውንና በርበሬውን አሸተተችና አለፈች። ምስሩን፣ አብሹንና ጥቁር አዝሙዱን ግን ወደ ጎን አወጣቻቸው።

«ይቅርታ ማዳም፣ ይህ ዘር ነው። ሊበቅል ይችላል።»

«የሚበላ ነው እንጂ የሚበቅል አይደለም» አልኳት።

«እዚህ የመጣው ሁሉ እንደዚያ ተብሎ ነው የመጣው» አለች በትሕትና፣ ከረጢቶቼንም አሽጋ ወሰደቻቸው። ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ በባዕድ ዛፍ ተውጣ፣ እነሱ የእኔን ጥቁር አዝሙድ ያስራሉ።

ማህሌት ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ክንዶቿ ከድመት ጋር የታገለ ሰው ክንድ ሆነዋል። አቅፋኝ ስታበቃ የመጀመሪያ ቃሏ «እማ፣ ለምንድነው ካፖርት የለበስሽው?» የሚል ነበር። ምስሬን እንደወሰዱብኝ ስነግራት ከእኔ ጋር በመናደድ ፈንታ «ጉድ ፎር ደም፣ ደግ አደረጉ» አለች። የገዛ ልጄ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። የማህሌት መሥሪያ ቤት ፒክአፕ በየመታጠፊያው ጥሩንባ ይነፋል፣ ላም ትወጣለች፣ ይቆማል፣ ላሟ ታስብበታለች፣ እንቀጥላለን። የሰቨን ሲስተርስ አውቶቡስ ሾፌር እዚህ ቢመጣ በሁለት ቀን ያብዳል።

ማህሌት ክፍል የተከራየችው ማዳም ሮዝሊን ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቷል፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ሞሪሸስ ገብተዋል፣ እሳቸው ከአሥራ ሁለት ፍየል ጋር ባሕሩ አፋፍ ላይ ቀርተዋል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ጎኑ ላይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ፤ ከኋላው ያ አመድማ ጥሻ ይጀምርና እስከ ባሕሩ ይወርዳል። ንግግራቸው የደሴቲቱ ቋንቋ ክሪዮል ሲሆን ከትምህርት ቤት የተረፈቻቸው ጥቂት እንግሊዝኛ አለች። የእኔም እንግሊዝኛ ስንት ዓመት «ቀጣይ፣ ድንች ይጨመርልህ?» ስትል የኖረች ናትና ተመጣጠንን።

ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ካልሲ የተሰጣ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ኦክቶፐስ፣ ለእኔ ክብር የደረቀ። ማዳም ሮዝሊን በቲማቲም ሠርተው አቀረቡልኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር በእኛ ሃይማኖት እንደማይበላ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? በእጄ ዓሣ ሠራሁ፣ ክንፍ ሠራሁ፣ ወደ ሰማይ አመለከትኩ። ማህሌት ሳቋን እየዋጠች አስተረጎመች። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። ሳህኑን አንስተው ሄዱና ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቆሎና ቀይ ባቄላ ቀቅለው አመጡ፤ ንፍሮ ማለት ነው፣ በቃሪያ። ጥሬው ገና ያልበሰለ ነበር፤ እየቸኮሉ ስለቀቀሉት። ጨርሼ በላሁት።

ሰኞ

ማህሌት «የምሠራበትን ላሳይሽ» አለችኝና ከቤቱ ጀርባ ወደ ጥሻው ወረድን። ለንደን ውስጥ ጫካ ሲባል ወንበር አለው፣ ሻይ ቤት አለው፣ ውሻ አለው። ይህኛው ያለው እሾህ ብቻ ነው። ከታች ደረቅ መሬት፣ ከላይ ወላፈን፣ መሀል ላይ ሰው በማይቆምበት ቁመት የተቆላለፈ ቅርንጫፍ። ቢጫ ክብ አበባውንና እንደ ጨሌ የተሰካካውን ፍሬውን አየሁና ቆምኩ።

«ይሄማ ግራር ነው።»

«የስ፣ ኤግዛክትሊ» አለች ማህሌት። «እዚህ ‹ፒካን ሉሉ› ነው የሚሉት። ድሮ ለከብት መኖ ብለው ከውጭ አምጥተውት፣ ከዛ ዳርቻውን በሙሉ ያዘው። የደሴቱ የራሱ ዛፎች ጠፉ እማ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ዛፎች።»

«ስለዚህ እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት በርሬ የመጣሁት ግራር ለማየት ነው።»

«እኔን ለማየት መስሎኝ።»

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ ይናገራል። በእሱ ቤት ሠራን፣ በእሱ አጠርን፣ ጉንፋን ሲይዘን በቅጠሉ ታጠንን፣ ማንም ፓስፖርት አልጠየቀውም። ይህን ነገርኳት። «እሱም ውሃችሁን ጠጥቶ ጨርሶታል» አለችና ቀጠለች። ከዚህች ልጅ ጋር ክርክር ማሸነፍ ትቻለሁ። ይልቅ የሰው ልጅ ከቀዬው ወጥቶ ሌላ አገር ሲበቅል «ወራሪ» የሚል ቃል አንዴ ከተጀመረ የት እንደሚያቆም እናውቃለን ልላት አፌን ስከፍት፣ እሾህ በጫማዬ ሶል አልፎ እግሬ ውስጥ ገባ። ለለንደን ክረምት የሚበቃው ሶል ለፒካን ሉሉ ወረቀት ነው።

በማህሌት ትከሻ ተደግፌ አነከስኩ። ማዳም ሮዝሊን አዩኝ። በርጩማ ሰጡኝ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ እግሬን አጠቡት፣ መርፌ በክብሪት አቃጥለው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አደረጉና ተጎነበሱ። ሰባ ባለፈ ዕድሜያቸው፣ ከትናንት በስቲያ የማላውቃቸው ሴት፣ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁፈራ ያዙ። እሾሁ ሲወጣ እንዳየው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የጣት አንጓ ያህል ነበር።

ማክሰኞ

እግሬ ስላበጠ ቤት ዋልኩ። ማህሌት ሥራ ሄደች። ክፍሏን ላጽዳላት ብዬ ተነሳሁ፤ አልጋው ሥር የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አገኘሁ። የሰው ዕቃ አልበረብርም፤ የልጄ ግን የሰው አይደለም። ካርታ ነው። የባሕሩ ዳርቻ፣ ቤቶቹ እንደ ትንንሽ ሳጥን፣ ዱሩ በአረንጓዴ። ከአረንጓዴው ላይ አንድ ሰፊ ቦታ በቀይ ተቀልሞ «የመጀመሪያ ዙር፣ ሙሉ ምንጠራ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀዩ የሚጀምረው ከማዳም ሮዝሊን ፍየል ጋጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማህሌት አለቃዋን ይዛ መጣች። ኮሊን ይባላል፤ ከለንደን ወጣ ካለች ከተማ የመጣ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ጉልበቱ የተላጠ እንግሊዛዊ። ጨበጠኝና «ይህች ደሴት ወደ ጥንት ባለቤቶቿ መመለስ አለባት» አለኝ። ዛፎቹን ማለቱ ነው። አንድ እንግሊዛዊ በሰው አገር ቆሞ ስለ ጥንት ባለቤት ሲያስተምር መስማት፣ በእውነቱ፣ ለትኬቱ ያወጣሁትን ይክሳል።

እሱ ሲሄድ ካርታውን አወጣሁ።

«ይህን ያውቃሉ?»

ማህሌት ፊቷ ተለወጠ። «ሐሙስ ሚቲንግ አለ። ኮሊን ፕረዘንት ያደርገዋል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ማዳም ሮዝሊን ያውቃሉ ወይ?»

«እማ፣ ኮምፕሊኬትድ ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው። እሳቸው ፍየል የሚያሰማሩበት በልማድ ነው እንጂ በወረቀት አይደለም።»

«ዓመት ከመንፈቅ እጃቸው ላይ በልተሻል። ወረቀት ነበራችሁ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ሰባት ዓመቷ ላይ ብርጭቆ ስትሰብርም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ረቡዕ

ዋና ከተማዋን፣ ፖርት ማቱራንን፣ አየሁ። ከተማ የምትባለው በአክብሮት ነው፤ ለንደን ያለው ካሌዶኒያን ሮድ የሚባል ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእሷ ይረዝማል። ባሕሩንም አየሁ። አሸዋው ነጭ ነው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ይሞቃል፣ አንድ ጊዜ ገባሁ፣ ወጣሁ። ስለ ባሕር ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ እንደምጾም ለማዳም ሮዝሊን ትናንት ተነግሯቸው ነበር። ወተትም ዓሣም የሌለበት ምግብ በሦስት ዓይነት ሠርተው ጠበቁኝ፤ ዱባ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ በቆሎ። ሲያቀርቡ በእንግሊዝኛቸው «እግዚአብሔር የሚቆጣበት የለም፣ ቼክ አድርጌአለሁ» አሉኝ። ማህሌት አጠገባቸው ተቀምጣለች። ማንኪያዋን አነሳች፣ አስቀመጠች። «ማዳም» አለች አንድ ጊዜ። «ዊ፣ ልጄ?» አሏት። «ቃሪያውን ያቀብሉኝ» አለች።

ጠረጴዛው ሥር በጤናማው እግሬ መታኋት። ቃሪያውን በላች።

ሐሙስ

ስብሰባው በመንደሩ ትምህርት ቤት ነው። ሠላሳ የሚሆን ሰው በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ኮሊን ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጋር አገናኘ። መጀመሪያ የዛሬው ዱር ፎቶ፣ ጠውልጎ፣ በጨለማ የተነሳ፤ ቀጥሎ ወደፊት የሚሆነው ዱር ሥዕል፣ በፀሐይ፣ ወፍ የተጨመረበት። የማስታወቂያ ሰዎች የራሰ በራ መድኃኒት የሚሸጡት በዚህ ዘዴ ነው። ከዚያ ካርታው መጣ።

ማዳም ሮዝሊን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ቤታቸውን ፈልገው አገኙት፣ ከኋላው ያለውንም ቀይ አዩት። ወደ ኮሊን አልዞሩም። ወደ ማህሌት ዞሩ፣ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ልጄ ወለሉን ታያለች።

ያን ማየት አልቻልኩም። ለምን እንደተነሳሁ አሁን በሐቅ ልናገር፦ ግማሹ ለማዳም ሮዝሊን ተቆርቁሬ ነው፣ ግማሹ የልጄን እፍረት ልሸፍን ነው፣ የቀረው ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ አፌ ውስጥ የያዝኩት ንግግር ስለነበረኝ ነው።

«ይህ ዛፍ ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ እዚህ ነበር» አልኩ በእንግሊዝኛዬ። «ፍየላችሁን አብልቷል፣ ጥላ ሰጥቷል። ከአፍሪካ ስለመጣ ወራሪ ነው ትሉታላችሁ። እኔም ከአፍሪካ መጥቼ ለንደን ነው የምኖረው። ሥር ሰድጃለሁ፣ ልጅ ወልጃለሁ። እኔንስ ማን ሊቆርጠኝ ነው?»

አንድ የመንደሩ ሰው ለቀሩት ተረጎመላቸው። ኮሊን አጨበጨበ፤ «ድንቅ አስተያየት» አለ፣ ያልገባው ነገር የሰማ ሰው እንደሚያደርገው። እኔ በኩራት ተቀመጥኩ።

ማዳም ሮዝሊን ተነሱ። በክሪዮል ስለተናገሩ ማህሌት ጎኔ ሆና ቃል በቃል መተርጎም ነበረባት።

«እንግዳዬን እወዳታለሁ። ግን ሰኞ ዕለት ይህ ዛፍ እግሯን ሲወጋት ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ወንድሜ ነው አላለችኝም።» ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እሷ ሰው ናት። ዛፍ ዛፍ ነው። ይህ እሾህ ባሌን ወግቶት ሁለት ወር ተኝቷል። እናቴ ኮፍያ የምትሠራበት ቫኩዋ እዚያ ተዳፋት ላይ ነበር የሚበቅለው፤ ቅጠሉን በልጅነቴ ተሸክሜአለሁ። እሾሁ መጣና ቫኩዋው አለቀ። ዛሬ ኮፍያ ለመሥራት ቅጠል ከሌላ መንደር ነው የማመጣው። ቁረጡት። እኔ አላለቅስለትም።»

ጆሮዬ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጬ። ኮሊን ግን ፈገግ አለ፤ እሳቸውም አዩት።

«አንተ ደግሞ አትሳቅ። ቤቴን ከነፋስ የሚጋርደው ከዚህ እሾህ ሌላ የለም። በደረቁ ወራት ፍየሎቼ የሚበሉት ፍሬውን ነው። ሁሉንም በአንዴ ከመነጠርከው ማዕበል ሲመጣ ጣሪያዬን ባሕር ውስጥ ፈልገህ ታመጣልኛለህ። በመስመር በመስመር ቁረጥ፣ የተተከለው ሲቆም ቀጣዩን። የሚቆርጠው የመንደሩ ሰው ይሁን። ችግኙ እኔ ግቢ ይፈላ፣ ውሃውን እኔ አጠጣለሁ። ካርታ ከመሳልህ በፊት ደግሞ በር ይንኳኳል።»

ከዚያ ወደ ማህሌት ዞረው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ማህሌት አልተረጎመችልኝም። ውጭ ስንወጣ ጠየቅኳት።

«‹አንቺ ግን በሩ ውስጥ ነበርሽ› ነው ያሉኝ» አለች።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ማዳም ሮዝሊን ምግብ አቀረቡ። ሁለት ሳህን ነው፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእኔ። ማህሌት ቆማለች። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፣ በብዙ ቋንቋ፤ እንደዚያ ጸጥ ያለ ስድብ ግን አላየሁም። እኔ ሳህኔን አልነካሁም፣ ለልጄም አልተናገርኩላትም። ቀን በቂ ተናግሬአለሁ።

ማህሌት ከፊታቸው ተንበርክካ በክሪዮል ማውራት ጀመረች። ቃሉን አላውቅም። ድምጿን ግን አውቃለሁ፣ በየት በኩል እንደሚሰበር አውቃለሁ። ያለችውን ኋላ ነገረችኝ፦ የፈራችው ክፍሏን እንዳያስለቅቋት ሳይሆን «ልጄ» ማለት እንዳያቆሙ ነበር። ይህን ስሰማ እኔ ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልጽፍም። እናት የሆነች ታውቀዋለች።

ማዳም ሮዝሊን እስክትጨርስ ሰሟት። ተነሱ፣ ወደ ማድቤት ገቡ፣ ሦስተኛ ሳህን ይዘው ወጡ። በእንግሊዝኛ፣ እኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል፣ «ብዪ፣ ነገ ሥራ አለ» አሏት።

ዓርብ

ኮሊን ካርታውን ቀይሮ ጠዋት መጣ። ለንደን ካሉት አለቆቹ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ነበር፤ በመስመር የመቁረጡ ሐሳብ ከአፉ ሲወጣ የራሱ ሆኗል። ማዳም ሮዝሊን አላረሙትም። የመንደሩ ሰዎች በገጀራና በመጋዝ የመጀመሪያውን መስመር መቁረጥ ጀመሩ።

እኔ ጓንት ተሰጠኝ። እግሬ ቢያነክስም እጄ ደህና ነበር፣ ቁጭ ብሎ ማየትም ከትናንቱ በኋላ አልሆነልኝም። ኮሊን ለችግኞቹ አጥር የሚሆን ሽቦ በመርከብ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ሲል ሰማሁ። ፍየሎቹ ከጋጣቸው ሆነው በፍላጎት ያዳምጡታል። ከተቆረጠው ግራር አንዱን ቅርንጫፍ ጎተትኩ፣ ግንዱን ወደ ውስጥ፣ እሾሁን ወደ ውጭ አድርጌ አጋደምኩት። ሁለተኛውን በላዩ ቆለፍኩ። ማዳም ሮዝሊን አዩኝ፤ ሦስተኛውን እሳቸው አመጡ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁለታችን ወገብ የሚደርስ አጥር ዙሪያውን ገጠምን። አንዲት ፍየል መጥታ አሸተተች፣ አንገቷን አስገባች፣ ጮሃ ሄደች።

ኮሊን ፎቶ እያነሳ «ይህ እኮ ኢኖቬሽን ነው» አለ። የገጠር ዘመዶቼ በሙሉ ሳያውቁት ኢኖቬተር ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ማህሌት ውስጡ ቫኩዋ ተከለች። የጣት ቁመት ያላቸው፣ የሽንኩርት ቅጠል የሚመስሉ ነገሮች። «ለኮፍያ የሚደርሱት መቼ ነው?» አልኳት።

«ብዙ ዓመት ነው እማ።»

ማዳም ሮዝሊን በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ እያጠጡ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ሒሳቡን ሠራሁ፤ እሳቸው የሠሩት አይመስሉም።

ቅዳሜ

በአየር ማረፊያው፣ ተራ ይዘን፣ ማህሌት «እማ» አለች። «ኮንትራቴን ኤክስቴንድ አደረግኩት። ትናንት ፈረምኩ። ሦስት ዓመት።»

ይዣት ልመለስ መጥቼ እንደነበር አልነገርኳትም፤ ታውቃለች። ልላት የምችለው ብዙ ነበር። ሠላሳ ሊሞላት ነው፣ ለንደን የሚያውቋት ሰዎች አሉ፣ እዚህ ከሰው ይልቅ ፍየል ይበዛል። ማዳም ሮዝሊን ከመኪናው አልወረዱም፤ በመስኮት እጃቸውን አወጡ። ለጉዞዬ የጠቀለሉልኝን በቆሎ እጄ ላይ ይዣለሁ፣ አሁን በደንብ የበሰለ።

«ጫማ ግዢ» አልኳት። «ሶሉ ወፍራም የሆነ።»

አቀፈችኝ። የእሾህ ጭረቷ አንገቴ ላይ ሻከረኝ። ከዚያ ካፖርቴን ይዤ ገባሁ።

ለንደን ከገባሁ በኋላ በሳምንቱ ካሌዶኒያን ሮድ ካለች አንዲት ካፌ ጓደኛዬን አልማዝን አገኘኋት። ቀልደኛ ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖራ ዕረፍት ሲባል የባሕር ዳር ሽርሽር ብቻ ነው የሚታያት። ፎቶ አሳዪኝ አለች። ስልኬን ሰጠኋት። እሾህ፣ ፍየል፣ እሾህ፣ የተከመረ ቅርንጫፍ፣ መሬት ላይ የሽንኩርት ቅጠል የሚመስል ነገር።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?» አለችኝ።

የማህሌት ፎቶ ጋ ስትደርስ ቆመች። ልጄ ገጀራ ይዛ፣ ላብ ግንባሯ ላይ፣ ከማዳም ሮዝሊን አጠገብ ቆማለች። አልማዝ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ምነው እንዲህ ከሳች? መቼ ነው የምትመለሰው?»

ያን ጥያቄ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ «በቅርብ» እያልኩ ነበር የኖርኩት።

«አትመለስም» አልኳት። «ዛፍ እየተከለች ነው።»

አልማዝ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።